በታንኳ የሚያጠምድ ሰውና ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ

 የዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን አንድ ሰው ብቻውን በሚቀዝፋት ትንሽ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ከሐይቅ ዓሣን ስለ ማጥመድ ጥበብ፣ ደግሞም ይህ ጥበብ ከዓሣው የመራቢያ ወራት ጋር ሊኖረው ስለሚገባው ስምምነት ነው። በዓለም ከተማና በዙሪያዋ የምትኖሩ አድማጮች፣ ሐይቅ በሌለበት ደጋ የሐይቅ ነገር ለምን ይነገረናል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ነገር ግን አገራችን መርሐ ቤቴ በደቡብ በጀማ፣ በሰሜን በወንጪት የታጠረች አገር ስለሆነች፣ ሁለቱም ወንዞች ወደ ታላቁ ዓባይ ስለሚወርዱ፣ በውስጣቸውም አምባዛና ነጭ ዓሣ ስለሚኖሩ፣ የዓሣን ጠባይና የአጥማጅን ሥርዓት ማወቅ ከእኛ ኑሮ የራቀ ትምህርት አይደለም።

ነገራችንን ከሩቅ አገር እንጀምር። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ሐይቆች ላይ ካያክ በምትባል ጠባብና ረዘም ያለች ጀልባ ተቀምጦ ትራውትንና ሳልሞንን ማጥመድ እጅግ የተወደደ ተግባር ነው። ይህችን ጀልባ በመጀመሪያ ያበጁት በግሪንላንድ፣ በሰሜን ካናዳና በአላስካ በበረዶ ምድር የሚኖሩት ሕዝቦች ሲሆኑ፣ ዛፍ በማይበቅልበት በዚያ አገር ባሕር ተፍቶ ከዳር የጣለውን እንጨትና የአውሬን አጥንት ለቅመው ማገር ካደረጉ በኋላ፣ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር አውሬ ቁርበት በላዩ ወጥረው በመስፋት፣ ውሃ የማያስገባ፣ አንድ ሰው በትከሻው ሊሸከመው የሚችል ጀልባ ሠሩ። ዛሬ ካያክ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ ነው፤ ቅርጹና አቀማመጡ ግን አልተለወጠም፤ ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ከውሃው ገጽ ጋር ሊተካከል ጥቂት በቀረው ከፍታ ይቀመጣል፣ በሁለቱም ጫፍ ሰፊ በሆነ አንድ መቅዘፊያም ግራና ቀኙን እያፈራረቀ ይቀዝፋል፤ የሞተር ድምፅና ሽታ ስለሌለም ዓሣው ሳይደነግጥ ከአጠገቡ ያልፋል።

ትራውትና ሳልሞን በሥነ ፍጥረት አንድ ቤተ ዘመድ ናቸው፤ ሁለቱም ንጹሕና ቀዝቃዛ፣ ኦክሲጅንም የሞላበት ውሃ ይሻሉ። የውሃው ሙቀት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ በሚሆንበት ስፍራ በደኅና ይመገባሉ፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ ግን፣ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ስለሚያንስ፣ ይጨነቃሉ። ስለዚህ በካያክ የሚያጠምድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የውሃውን ሙቀት ነው። የሐይቁ በረዶ በጸደይ በሚቀልጥበት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያለው ውሃ ቅዝቃዜው ተመሳሳይ ስለሆነ ዓሣው ከገጹና ከዳርቻው አይርቅም፤ በጋ ሲገባ ግን ፀሐይ የላዩን ውሃ ታሞቀዋለች፣ ሞቃቱም ውሃ ቀላል በመሆኑ ከላይ ሲንሳፈፍ ቀዝቃዛው ከብዶ ከታች ይቀራል፣ በሁለቱም መካከል ሙቀቱ በድንገት የሚለወጥበት ድንበር ይቆማል፤ ዓሣው ወደዚያ ድንበር ይወርዳልና፣ አጥማጁም ክሩን በእርሳስ አክብዶ ወደዚያው ማውረድ ይገባዋል።

የማጥመዱ አሠራር ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። አጥማጁ ትንሽ ዓሣ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ወይም ከላባ የተሠራ የዝንብ አምሳያ ከመንጠቆው ጋር አስሮ፣ ክሩን ከጀልባዋ ኋላ 20 ወይም 30 ሜትር ያህል ለቆ፣ ዘንጉን ከጎኑ ባለው ማቆሚያ ላይ ያኖርና፣ በሰዓት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር በሚሆን የሰው እርምጃ ፍጥነት ይቀዝፋል። በቀጥታ መስመር ከመሄድ ይልቅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ መቅዘፍን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ጀልባዋ በታጠፈች ጊዜ ከኋላ የሚጎተተው ብረት አንዴ ፈጥኖ ይነሣል፣ አንዴም ዘግይቶ ይሰምጣል፣ ይህም መለዋወጥ የቆሰለ ዓሣ አካሄድ ስለሚመስል አዳኙን ትራውት ያነሣሣዋል። ዓሣው መንጠቆውን በያዘ ጊዜ ደግሞ የጀልባዋ ትንሽነት ይጠቅማል፤ ትልቅ ጀልባ እንደ ቋጥኝ ቆሞ ክሩን ሲያስበጥስ፣ ካያክ ግን ወደ ተጎተተችበት እየሄደች ኃይሉን ስለምታለዝበው፣ አጥማጁ ክሩን ሳያላላና በኃይል ሳይስብ፣ ዓሣው እስኪደክም ድረስ አብሮት ይሄዳል።

ከዚህ ጥበብ ጋር ጥንቃቄውም አብሮ ይነገራል። በቀዝቃዛ ሐይቅ የወደቀ ሰው አስቀድሞ የሚያጋጥመው አደጋ ሳያስበው ትንፋሹ ተቆራርጦ ውሃ መሳቡ ነው፤ ስለዚህ ሰውነትን የሚያንሳፍፍ ሰደርያ በጀልባዋ ውስጥ አስቀምጦ መሄድ አይበቃም፣ መልበስ ያስፈልጋል። ልብስም የሚመረጠው በአየሩ ሙቀት ሳይሆን በውሃው ቅዝቃዜ ነው። ነፋስ ሲነሣ ትንሽ ጀልባ ከማዕበል ጋር ለመታገል አቅም ስለሌላት ከዳር አለመራቅ፣ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትንም ሰዓት ከቤት ለቀረ ሰው አስታውቆ መውጣት የአዋቂ ሥራ ነው። ይህ ምክር ለማንኛውም ውሃ፣ ለእኛም አገር ሐይቅና ግድብ፣ የሚያገለግል ነው።

ትራውት በኢትዮጵያ በጥንተ ተፈጥሮው አልነበረም። ነገር ግን ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በሚፈሱት ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በወይብና በዳንካ፣ ተጨምሮ በዚያ ለምዷል፤ ውርጭ በሚወርድበት በዚያ ደጋ የሚወርደው ውሃ ለጠባዩ ተስማምቶታልና። በጣና ሐይቅ ግን ውሃው ለትራውት የሞቀ ስለሆነ የዚያ አገር ሰው ከሌላ ዓሣ ጋር ኖሯል፤ ያም ዓሣ ኑሮው ከትራውትና ከሳልሞን ኑሮ ጋር እጅግ የሚመሳሰል፣ በሌላ አገር የማይገኝ፣ የእኛው ሀብት ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚቀዘፈው ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ሲሆን፣ በተለይ ነገደ ወይጦ የሚባሉት ወገኖቻችን በአሠራሩ የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው። ደንገሉን ከሐይቁ ዳር ያጭዳሉ፣ በፀሐይ ያደርቁታል፣ ከዚያም እቅፍ እቅፍ አድርገው በገመድ እየጠፈሩ አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀኑታል። ታንኳ ውሃ ቢገባበት አይሰምጥም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ነውና፤ ነገር ግን ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ አጥማጁ ከሥራው ሲመለስ ጎትቶ ያወጣውና በዳር አቁሞ ያደርቀዋል፤ እንዲህም ሆኖ ዕድሜው ከወራት ስለማያልፍ በየጊዜው አዲስ መሥራት ግዴታ ነው።

እንግዲህ የሰሜኑን ካያክና የጣናን ታንኳ አስተያይተን ስንመለከት፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው የኖሩ ሕዝቦች እያንዳንዳቸው በደጃቸው ካገኙት ነገር፣ አንዱ ከቁርበት፣ ሌላው ከደንገል፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ፣ ዳር ዳሩን የሚጠጋ ጀልባ እንደሠሩ እናስተውላለን። በታንኳ የሚያጠምደው ሰው በመንጠቆ፣ በወጥመድና በትንሽ መረብ የሚይዘው ዓሣ ለቤቱና ለቅርብ ገበያው የሚበቃውን ያህል ነበር፤ ነፋሱ ከመበርታቱ በፊት በማለዳ ወጥቶ ይመለስ ስለነበረም፣ ሰፊው የሐይቁ መካከል ለዓሣው መሸሸጊያ ሆኖ ይቀር ነበር። የታንኳው አቅም ራሱ ሕግ ሆኖ ሐይቁን ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ይቻላል።

በጣና የሚገኙት ዋና ዋና ዓሦች ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ከእነዚህም ነጭ ዓሣ የተባለው ወገን የዓለምን ሊቃውንት ያስደነቀ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1830ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹን መርምሮ ጽፎ ነበር፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንድ ሊቃውንት በጣና ያሉት ትልልቅ ነጭ ዓሦች ከ15 የማያንሱ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አስረድተዋል። ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ ነጭ ዓሣ የሚመደብበት ወገን ግን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ ምግቡን በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች የሚያደቅ ስለሆነ፣ ከእርሱ አዳኝ መገኘቱ እጅግ ብርቅ ነው። ይህ ሁሉ ልዩ ልዩ ዝርያ በአንድ ሐይቅ ሊወጣ የቻለው፣ ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከታች ያለው ዓሣ እንዳይወጣ ዘግቶ፣ ከላይ ያለው ለብቻው እንዲዋለድ ስላደረገ ነው።

አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ ንግግራችን ዋና ነገር ደርሰናል። ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በባሕር አድጎ ከወፈረ በኋላ የተወለደበትን ጅረት በጠረኑ ለይቶ፣ ኃይለኛውን ፈሳሽ እየተቃወመ፣ ፏፏቴውን እየዘለለ ይመለሳል፤ ሴቲቱም በጅራቷ ጠጠሩን ቆፍራ ዕንቁላሏን ትጥላለች፣ መልሳም ትሸፍነዋለች። በሰላማዊ ውቅያኖስ ዙሪያ የሚገኘው ሳልሞን ከዚህ በኋላ ይሞታል፤ ሥጋውም የወንዙንና የደኑን ፍጥረት ይመግባል። ከባሕር ተለይተው በሐይቅ ብቻ የሚኖሩ ሳልሞኖችም አሉ፤ እነርሱ ደግሞ ሐይቁን እንደ ባሕር ቆጥረው ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎችም ከ7 የማያንሱት ልክ እንዲሁ ያደርጋሉ። ዘመነ ክረምት ሲገባ፣ ወንዞች ሲሞሉ፣ ከሐይቁ ተነሥተው በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በሌሎችም ገባሮች ሽቅብ ወጥተው፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል በሚያልፈው ውሃ እየተነፈሰ ይፈለፈላል፤ ደለል ከሸፈነው ግን ታፍኖ ይቀራል።

አደጋው ያለው በዚህ ጉዞ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሰፊ ሐይቅ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጠባብ የወንዝ አፍ ተሰብስቦ ሲገኝ፣ በዚያ የተዘረጋ መረብ ትውልዱን ሁሉ ሊወስድ ይችላል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በጣና የሞተር ጀልባና ረጃጅም ዘመናዊ መረብ ገባ፤ ሐሳቡ ድኻውን አጥማጅ ለመርዳትና የዓሣን ምግብ ለማብዛት የታሰበ በጎ ሐሳብ ነበር፤ ሩቅ ገበያም ተከፈተ። ነገር ግን ታንኳ ያልደረሰበት ሁሉ ለመረብ የተጋለጠ ሆነ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ዐሥር ዓመት ውስጥም የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች አረጋገጡ። ከዚህም ሌላ በወንዞቹ ውስጥ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውሃ መበተን የቆየ ልማድ ነው፤ የብርብራ መርዝ የዓሣውን መተንፈስ የሚያሰናክል ስለሆነ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ያጠፋል። ሐይቁም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ በተባለው አረም ዳር ዳሩ ተወርሮ ለታንኳም ለዓሣ ጫጩትም መንገዱ ጠቧል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? መድኃኒቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከእኛው ደጋ፣ ከመንዝ ምድር ይገኛልና። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የሣር ምድር ሲሆን፣ አስቦና ጌራ ከተባሉት አባቶች የተወለዱት ሰዎች ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። በዚህ ሥርዓት፣ አባ ቄራ የሚባል ሹም በምርጫ ይሾም ነበር፤ ጓሳውም ለ3፣ ለ4፣ አንዳንድ ጊዜም ለ5 ዓመት ይዘጋና ማንም ሣር እንዳያጭድበት፣ ከብትም እንዳያሰማራበት ይጠበቅ ነበር፤ ሣሩ አድጎ ሲጠነክር ደግሞ በታወቀው ቀን ተከፍቶ ሁሉም እንደ ድርሻው ይወስድ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢቀርም፣ ኅብረተሰቡ ለጊዜው በሚስማማ መልክ ጥበቃውን ስለ ቀጠለ፣ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ ምድር ይኖራሉ። አበው ያወቁት ነገር ይህ ነው፤ የሚታደስ ሀብት የሚታደስበት ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ጊዜውንም የሚወስነው የሰው ፍላጎት ሳይሆን የፍጥረቱ ጠባይ ነው።

ለዓሣም የሚያስፈልገው ሕግ ይኸው ነው። ሳልሞንና ትራውት በሚገኙባቸው አገሮች ዓሣው በሚራባበት ወራት ወንዞች ይዘጋሉ፤ የሚያዘው ብዛትና የሚፈቀደው ትንሹ ቁመት ይወሰናል፤ በካያክ የወጣው ሰው ፈቃድ ይይዛል፣ ያልደረሰውንም ዓሣ እጁን በውሃ አርሶ መንጠቆውን ነቅሎ ይለቀዋል። በአገራችንም ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣ ማጥመድ በሥርዓት እንዲሆን ደንግጓል። አዋጅ ግን የሚጸናው ሰው በልቡናው ሲቀበለው ነው። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ የሚውለው ነጭ ዓሣ ለመራባት ሽቅብ በሚወጣበት በነሐሴ ነው። ጾም ራስን መግዛት እንደመሆኑ መጠን፣ በእነዚያ ሳምንታት መረብን ከወንዝ አፍ ማንሣት ለጾሙ መንፈስ የሚስማማ እንጂ የሚቃረን አይደለም።

ስለዚህ በጀማና በወንጪት ዳር የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ንግግር ለሥራ የሚሆነውን ልንነግራችሁ እንወዳለን። አንደኛ፣ ብርብራን በወንዝ ውስጥ አትበትኑ፤ ልጆችም ሲያደርጉት ብታዩ፣ አንድ ቀን በልቶ ለብዙ ዓመት መራብ እንደሆነ አስረዷቸው። ሁለተኛ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ነጭ ዓሣ ወደ ጠጠራማ ገባሮች በሚወጣበት ጊዜ፣ የወንዙን ስፋት በመረብ ወይም በአጥር አትዝጉት፤ በመንጠቆ ማጥመድ የሚሻም በሌላው ወራት ያጥምድ። ሦስተኛ፣ ዕንቁላል የያዘችን ዓሣና ገና ያልጎለመሰውን ልቀቁ። አራተኛ፣ በገደላገደላችን ላይ የምትሠሩት እርከንና የምትተክሉት ዛፍ አፈሩን ለእርሻችሁ ከማስቀረቱም በላይ፣ ደለል በዓሣው ዕንቁላል ላይ እንዳይወርድ ስለሚከላከል፣ የተራራውን ሥራ የወንዝም ሥራ አድርጋችሁ ቁጠሩት። አምስተኛ፣ ክረምት በሞላ ወንዝ ዳር ለማጥመድ አትድፈሩ፤ የጀማ ጎርፍ ከላይኛው አገር በዘነበ ዝናብ፣ ሰማዩ በእኛ ላይ ጠርቶ ሳለ፣ ሊመጣ ይችላልና።

መምህራንም ይህን ነገር ለተማሪዎቻችሁ ብታስተምሩት መልካም ነው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት፣ ዓሦች በዕለተ ሐሙስ እንደተፈጠሩ ከአበው የሰማ ልጅ፣ እነርሱን ለይቶ ማወቅና ዘመናቸውን መጠበቅም የእርሱ ድርሻ እንደሆነ ቢረዳ፣ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። በየዓመቱ ነጭ ዓሣ በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ሳምንት ሽቅብ እንደታየ በመዝገብ የሚጽፍ አንድ ትምህርት ቤት ቢገኝ፣ ለወረዳው የግብርና ባለሙያም፣ ለነገው አጥማጅም የሚጠቅም ዕውቀት ያከማቻል።

ካያክም ሆነ ታንኳ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ጥሩ አጥማጅ የሚባለው ብዙ የያዘው ሳይሆን፣ የውሃውን ሙቀት፣ የነፋሱን ሰዓትና የዓሣውን የመራቢያ ወራት አውቆ፣ መቼ መውጣት፣ መቼስ ከቤት መቀመጥ እንደሚገባው የለየው ነው። መሣሪያችን እያደገ፣ ጀልባችን እየፈጠነ በሄደ መጠን፣ ድሮ የታንኳው ድካም ይጠብቅልን የነበረውን ልክ ዛሬ እኛው በፈቃዳችን ልንጠብቀው ይገባናል፤ የጓሳን ሣር በአንድ ቃል ዘግቶ በአንድ ቃል ለከፈተ ሕዝብ ይህ የሚሳነው ሥራ አይደለም።